መብራት ለማየት፣ መብራት ለመናገር
የላንድሮቨርና የመሰሎቿ የኋላ ማርሽና የማስጠንቀቂያ መብራቶች አጭር ታሪክ

ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ በገጠሩ የሀገራችን ክፍል ለሚጓዝ ሰው ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር እንግዳ ስሞች አይደሉም። የግብርና ባለሙያው ወደ ወረዳ የወረደው፣ የጤና ሠራተኛው ክትባት ይዞ ተራራ የወጣው፣ በሽተኛው ወደ ሐኪም ቤት የደረሰው ብዙ ጊዜ በእነዚህና በመሰሎቻቸው ነው። ስለ ሞተራቸው ጉልበት፣ ጭቃና ዳገት ስለ መቻላቸው ብዙ ተወርቷል። በአንጻሩ ስለ ትንንሾቹ መብራቶቻቸው የተነገረው ጥቂት ነው። ከኋላ ማርሽ ጋር አብሮ የሚበራው ነጭ መብራት፣ እንዲሁም በዳሽቦርዱ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ብጫ ሆነው ብልጭ የሚሉት ማስጠንቀቂያዎች እያንዳንዳቸው ታሪክ አላቸው።

ይህን ታሪክ ማወቅ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት ትርፍ ወሬ አይደለም። ምርት በሚሰበሰብበት ወቅት በእህል መጋዘን ግቢ ውስጥ የሚንቀሳቀሱት መኪኖች አብዛኛውን ሥራቸውን የሚጨርሱት ወደ ኋላ በመሄድ ነው። በዚያው ግቢ ሸክም ያዘለ ሰው፣ የፈሰሰ እህል የሚለቅም ልጅና ጭነቱ የተራገፈለት አህያ አሉ። በመሆኑም የአንዲት አምፖል መብራትና አለመብራት የሰው ሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ከጦር ሜዳ የተወረሰ ነገር

የእነዚህ መኪኖች አያት ተብላ የምትጠራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ጦር የተሠራችው ጂፕ ናት። ዊሊስና ፎርድ የተባሉት ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1945 ባለው ጊዜ ከ600 ሺህ በላይ ሠርተዋል። ጂፕ ፍሬቻ አልነበራትም፤ የኋላ ማርሽ መብራትም አልተገጠመላትም። በዳሽቦርዷ ላይ የዘይት ግፊትን፣ የሞተር ሙቀትን፣ የነዳጅንና የባትሪን ሁኔታ የሚናገሩት በመርፌ የሚያሳዩ ጌጆች ነበሩ። ሾፌሩ ራሱ አይቶ ካላነበባቸው ዝም ይላሉ።

ይሁን እንጂ ጂፕና ሌሎቹ የጦሩ መኪኖች አንድ አስገራሚ ብልሃት ነበራቸው። በሌሊት ጉዞ የጠላት አውሮፕላን እንዳያያቸው ትልልቆቹ መብራቶች ይጠፉና በሽፋን ውስጥ ያሉ ደብዛዛ መብራቶች ብቻ ይበራሉ። የኋላዎቹ መብራቶች ቀዳዳ የተበጀው በብልሃት ነው። ከኋላ የሚከተለው ሾፌር አንድ መብራት ብቻ ካየ በጣም ርቋል፤ ሁለት ካየ ርቀቱ ልክ ነው፤ አራት ካየ ግን እጅግ ቀርቧልና ፍሬን መያዝ አለበት። መብራቱ መንገድ አያሳይም፤ ከኋላ ላለው ሰው የሚነግረው ግን ነበረው። መብራት ከማሳየት አልፎ መናገር እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ሆኖም ይህ ትምህርት ወደ ሲቪሉ መኪና እስኪደርስ ብዙ ዓመታት ወስዷል።

ለገበሬ የተሠራች መኪና

ጦርነቱ ሲያበቃ በእንግሊዝ የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ በዌልስ፣ አንግልሲ በምትባለው ደሴት ላይ በነበረው እርሻ ከጦሩ በተረፈች ጂፕ ይሠራ ነበር። ያቺ ጂፕ ስታረጅ ምን እንደሚተካት ማሰቡ ላንድሮቨርን ወለደ። ወንድሙ ስፔንሰር ዊልክስ ደግሞ የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ነበርና ሐሳቡ ቶሎ ወደ ሥራ ተለወጠ። በወቅቱ ብረት በኮታ ይከፋፈል ስለነበር የመኪናዋ ቦዲ በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1948 (ሚያዝያ 22 ቀን 1940 ዓ.ም.) በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነው።

የተሠራችው በግልጽ ለገበሬ ነበር። ከሞተሩ ኃይል ወስዶ የእርሻ መሣሪያ የሚያንቀሳቅስ ዘዴ ሊገጠምላት ይችል ነበር። መነሻ ዋጋዋ 450 ፓውንድ ሲሆን፣ ዋጋውን ዝቅ ለማድረግ ሲባል በሮችና ስኮርታ ጎማ ሳይቀሩ ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቅባቸው ነበር። በር በትርፍ በሚሸጥበት መኪና ላይ የኋላ ማርሽ መብራት ይገኛል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች የፊት መብራቶቹ እንኳ ቁጥቋጦና ድንጋይ እንዳይሰብራቸው ከራዲያተሩ ፊት ባለው የሽቦ ወንፊት ኋላ ተደብቀው ነበር። ከኋላ የነበሩት የማታና የፍሬን ትንንሽ መብራቶች ናቸው።

የኋላ ማርሽ መብራት ያልተገጠመው በወቅቱ ስላልታወቀ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣችው ዊልስ ሴንት ክሌር የተባለች የቤት መኪና ከፋብሪካዋ ይህን መብራት ይዘው ከወጡት ቀዳሚዎች አንዷ ናት። ነገር ግን መብራቱ ለብዙ ዓመታት የሀብታም መኪና ጌጥ ተደርጎ ቆየ። ለእርሻ መኪና ግን አያስፈልግም ያሰኙ ምክንያቶች ነበሩ። አንደኛ፣ ሕግ አያስገድድም። ሁለተኛ፣ ክፍት የሆነችው መኪና ሾፌሩን አንገቱን አዙሮ ኋላውን እንዲያይ አትከለክለውም። ሦስተኛ፣ በማሳ ላይ ከኋላ የሚመጣ መኪና የለም።

እነዚህ ምክንያቶች ግን ብዙ አልቆዩም። መኪናዋ ሸራ ለበሰች፤ ቀጥሎም የቆርቆሮ ጣሪያና ግድግዳ ተገጠመላት፤ ከኋላ እህል፣ ከብትና ሰው ተጫነባት። ሾፌሩ ኋላውን ማየት ተሳነው። ማሳ ላይ ብቻ ትሠራለች የተባለችውም መኪና ወደ ገበያ፣ ወደ ከተማ፣ ወደ ሩቅ ሀገር ሄደች።

ማብሪያው በእጅ በነበረበት ጊዜ

ፋብሪካው ያልሰጠውን ባለቤቶቹ ራሳቸው ገጠሙ። በእርሻ መኪና ጀርባ ላይ አንድ የሥራ መብራት ይሰቀልና ሽቦው ዳሽቦርዱ ላይ ካለች ማብሪያ ጋር ይያያዛል። ማታ ከብት ለማስገባት፣ ተጎታች ለመንጠልጠል፣ ወደ ኋላ ለመሄድም ያገለግላል። ዘዴው ርካሽና ጠቃሚ ነበር። ችግሩ የሚመጣው ሾፌሩ ሥራውን ጨርሶ መብራቱን ሳያጠፋ ወደ ዋናው መንገድ ሲወጣ ነው። ከኋላ የሚከተለው ሰው ዓይኑ ይታወራል። ከዚያ የባሰው ደግሞ ነጭ መብራት ያየ ሰው መኪናው ወደ እሱ የሚመጣ መስሎት መደናገሩ ነው።

እንግሊዞች ለዚህ ያበጁት መፍትሔ ሁለቱን የመብራት ዓይነቶች ያገናኘ ነው። በሕጋቸው መሠረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 1954 ወዲህ ሥራ በጀመረ መኪና ላይ የኋላ ማርሽ መብራት ቢገጠም፣ ማርሹ ሲገባ በራሱ ብቻ የሚበራ ካልሆነ በቀር፣ መብራቱ መብራቱን ለሾፌሩ የሚያስታውቅ ሌላ ምልክት በሾፌሩ በኩል ሊኖር ይገባል። ይኸውም ከኋላ ያለው መብራት ሲበራ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት አብራ ትበራለች ማለት ነው። መብራቶቹም ከሁለት እንዳይበልጡ፣ ወደ ኋላ ለመሄድ ካልሆነ በቀርም እንዳይበሩ ተደነገገ። የድሮ ላንድሮቨር ያላቸው ሰዎች ዛሬም የእጅ ማብሪያ ሲገጥሙ አብረው ትንሽ የማስጠንቀቂያ አምፖል የሚፈልጉት ስለዚህ ነው።

የተሻለው ዘዴ ግን ከሰው የማስታወስ ችሎታ ጋር የማይገናኘው ነው። ካምቢዮው ላይ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ትተከላለች። የኋላ ማርሽ ሲገባ የማርሹ ዘንግ ገፍቶ ይዘጋታል፤ ኤሌክትሪኩ ያልፍና አምፖሉ ይበራል። ማርሹ ሲወጣ ይጠፋል። የተለመደው አምፖል 12 ቮልትና 21 ዋት ነው። ሾፌሩ ምንም ማስታወስ የለበትም፤ መኪናዋ ሐሳቧን ራሷ ታሳውቃለች።

ከሾፌሩ መሣሪያ ወደ ሕዝብ ምልክት

ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የየሀገሩ ሕግ በዚህ ጉዳይ ላይ ጠበቅ እያለ መጣ። አሜሪካ ባወጣችው የመብራት ደረጃ መሠረት እ.ኤ.አ. ከ1969 መጀመሪያ ጀምሮ አዳዲስ የቤት መኪኖች ሁሉ የኋላ ማርሽ መብራት እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም አንድ ቀላል ግን ትልቅ ሥርዓት አጸና። ወደ ፊት ቀይ መብራት አይታይም፤ ወደ ኋላም፣ የሰሌዳ መብራት ካልሆነ በቀር፣ ከኋላ ማርሽ መብራት ውጭ ነጭ አይታይም። እንግዲህ ቀይ ካየህ የመኪናው ጀርባ ነው፤ በቀዩ መካከል ነጭ ብቅ ካለ ግን ጀርባው ወደ አንተ እየመጣ ነው። ቋንቋ የማይጠይቅ ንግግር ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ስለዚህ መብራት ብቻ ራሱን የቻለ ደንብ አወጣ፤ ቁጥሩም 23 ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ ለመብራቱ ሁለት ሥራ ይሰጠዋል፤ አንደኛው ከመኪናው ኋላ ያለውን መንገድ ማብራት፣ ሁለተኛው መኪናው ወደ ኋላ እየሄደ ወይም ሊሄድ መሆኑን ለሌሎች ማስጠንቀቅ። ሾፌሩ እንዲያይበት የተጀመረው መብራት በዚህ መንገድ ለሌላውም ሰው ምልክት ሆነ። የታሪኩ ትልቁ እጥፋት ይህ ነው ለማለት ይቻላል።

ላንድሮቨርም በሕግ መገፋቷ አልቀረም። የፊት መብራቶቿ ከመሐል ተነሥተው ወደ ሁለቱ መከዳዎች የወጡት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በአንዳንድ ሀገሮች የመብራት ሕግ ምክንያት ነው። ብዙ ሰዎች ለመልክ የተደረገ የሚመስላቸው ለውጥ የስፋቷን ልክ ለሚመጣው ሰው ለማሳየት የተደረገ ነበር።

በዳሽቦርድ ላይ ያሉት ዓይኖች

ወደ ውስጥ ስንመለስ ደግሞ ሌላ ዓይነት ንግግር እናገኛለን። ላንድሮቨር ከጂፕ የተለየችበት አንዱ ነገር ለዘይት ግፊትና ለባትሪ ቻርጅ የሚበሩ መብራቶችን መያዟ ነው። ጌጅ የሚናገረው ለጠየቀው ነው፤ መብራት ግን ሳይጠየቅ ይጣራል።

አሠራራቸው ቀላል ነው። የዘይቱን እንመልከት። ቁልፍ ሲከፈት ሞተሩ ገና ስላልተነሣ የዘይት ግፊት የለም፤ ሞተሩ ላይ የተተከለችው ማብሪያ ኤሌክትሪኩን ወደ ሞተሩ አካል ታሳልፋለችና መብራቱ ይበራል። ሞተሩ ተነሥቶ ዘይቱ ሲገፋ ማብሪያዋ ትከፈትና መብራቱ ይጠፋል። የቻርጁ መብራት ደግሞ እንደ ሚዛን ነው። በአንድ ወገን የባትሪው፣ በሌላው ወገን የዲናሞው ኃይል ይመጣበታል። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ በአምፖሉ ውስጥ የሚያልፍ የለምና ይጠፋል። ዲናሞው ሲደክም ወይም ቀበቶው ሲበጠስ ሚዛኑ ይፋለስና ይበራል።

በቤንዚን በሚሠሩት የቀድሞ ሞዴሎች ላይ አንድ ለየት ያለ ብጫ መብራትም ነበር። በብርድ ጊዜ ሞተር ለማስነሣት የሚሳበው ቾክ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ሳይመለስ ከቀረ ይበራል። በእንግሊዝ ቤንዚን እስከ ግንቦት 1950 እ.ኤ.አ. ድረስ በራሽን ይሰጥ ስለነበር፣ የተረሳ ቾክ ነዳጅ አባካኝ ነው። የተትረፈረፈው ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት አጥቦ ሞተሩንም ይጎዳል። ያቺ ብጫ መብራት የገበሬውን ኪስ የምትጠብቅ ዘበኛ ነበረች።

በቀለም ረገድ ግን የድሮዎቹ መኪኖች አንድ ወጥመድ አላቸው። ዛሬ በተለመደው ሥርዓት ቀይ አደጋ ነው፣ ቁም ማለት ነው፤ ብጫ ተጠንቀቅ ነው፤ አረንጓዴ ሁሉ ደህና ነው። በብዙዎቹ የቀድሞ ላንድሮቨሮች ላይ ግን የዘይት ግፊት ማስጠንቀቂያው አረንጓዴ ነው። በዘመናዊ መኪና የለመደ ሾፌር አረንጓዴ መብራት እያየ «ደህና ነው» ብሎ ቢነዳ ሞተሩን ሊያቃጥል ይችላል። አሮጌ መኪና ለአዲስ ሾፌር ሲሰጥ ይህን መንገር ያስፈልጋል።

ሌላው ጉዳይ የመብራቶቹ ቦታ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ዳሽቦርዱ መሐል ላይ ነበር። ይህ አንዱን ሰሌዳ መሪው በቀኝም በግራም ለሆነ መኪና ለመጠቀም ያስችላል። በዓለም ላይ ግማሹ ሀገር በቀኝ፣ ግማሹ በግራ በሚነዳበት ዘመን ጠቃሚ ዘዴ ነበር። ሀገራችንም ከግራ ወደ ቀኝ የዞረችው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን መሐል ላይ ያለ መብራት፣ በተለይ ፀሐይ ሲያርፍበትና አቧራ ሲሸፍነው፣ ከሾፌሩ ዓይን ይሰወራል። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው ሦስተኛው ሲሪዝ ሰሌዳውን ከሾፌሩ ፊት አደረገው፤ በዲናሞም ፋንታ አልተርኔተር ገጠመ። አልተርኔተር ደግሞ አዲስ ጠባይ አመጣ። በብዙዎቹ ላይ አልተርኔተሩን መጀመሪያ የሚቀሰቅሰው በዚያች ቀይ አምፖል በኩል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ አምፖሏ ከተቃጠለች ማስጠንቀቂያው ብቻ ሳይሆን ቻርጁም ሊቀር ይችላል።

በጃፓን በኩል ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1951 የጀመረው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1954 ላንድክሩዘር የሚለውን ስም ያዘ። 40 ሲሪዝ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ተሠርቶ ለ70 ሲሪዝ ቦታውን ለቀቀ። በናፍጣ የሚሠሩት ላንድክሩዘሮች ለእኛ ዓይነት አገልግሎት የሚስማሙ ሁለት ማስጠንቀቂያዎችን ይዘው መጡ። አንደኛው በናፍጣ ማጣሪያው ውስጥ ውሃ ሲጠራቀም የሚበራው ነው። ከበርሜል በእጅ የሚቀዳ ነዳጅ በሚጠቀም አካባቢ ይህ መብራት የፓምፕና የኢንጀክተር አዳኝ ነው። ሁለተኛው የታይሚንግ ቀበቶ መቀየሪያ ጊዜ መድረሱን የሚያሳውቀው ሲሆን፣ እንደ ሞዴሉ በየ100 ሺህ ወይም በየ150 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበራል። ቀበቶውን ሳይቀይሩ መብራቱን ብቻ ማጥፋት መልእክተኛውን አስሮ ደብዳቤውን እንደ መቅደድ ነው። ቀበቶው የተበጠሰ ዕለት ሞተሩ አብሮ ይሄዳል።

ዛሬም በመጋዘን ግቢ ውስጥ

የድሮዋ ላንድሮቨር ዝርያ የነበረችው ዲፌንደር እ.ኤ.አ. ጥር 29 ቀን 2016 በሶሊሀል ፋብሪካ የመጨረሻዋ ወጥታ አበቃች። አዳዲሶቹ መኪኖች የኋላ ካሜራና ድምፅ ያለው ማስጠንቀቂያ አላቸው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ በአዳዲስ ቀላል ተሽከርካሪዎች ሁሉ ላይ ካሜራን ግዴታ ያደረገችው፣ ወደ ኋላ በሚሄድ መኪና ሕይወቱን ባጣ የሁለት ዓመት ሕፃን ስም በተሰየመ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ሕግ መነሻነት ነው። ከ1921 እስከ 2018 ያለው የአንድ ምዕተ ዓመት ጉዞ ሁሉ የሚያጠነጥነው ከመኪናው ኋላ በቆመው ሰው ላይ መሆኑን ልብ ይሏል።

በእኛ ግቢ ያ ሰው ማን ነው? አንድ ኩንታል በጫንቃው ላይ ያደረገ ተሸካሚ ቀና ብሎ ማየት አይችልም። የሚያየው ከእግሩ ሥር ያለውን መሬት ብቻ ነው። የሞተር ድምፅም በጩኸትና በወፍጮ መካከል ይጠፋል። ነጩ መብራት ግን መሬቱ ላይ ያርፋልና ባጎነበሰው ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። ረዳቱ «ና! ና! በቃ!» እያለ ቦዲውን የሚመታው ለሾፌሩ ነው፤ መብራቱ የሚናገረው ለተሸካሚው ነው። በመሆኑም አንዱ የሌላው ምትክ አይደለም፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ለፍተሻው ጋራዥ መሄድ አያስፈልግም። በየጠዋቱ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ቁልፉን ከፍቶ ማየት ነው። የዘይትና የቻርጅ መብራቶች መብራት አለባቸው፤ ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ መጥፋት አለባቸው። ቁልፍ ተከፍቶ ያልበራ የማስጠንቀቂያ መብራት የደህንነት ምልክት ሳይሆን የሞተ ዘበኛ ነው። ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍቶ፣ የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ቁልፉን ከፍቶ የኋላ ማርሽ ማስገባትና ከጎን የቆመ ሰው መብራቱን እንዲያይ ማድረግ ነው። ካልበራ በቅድሚያ አምፖሉንና ፊውዙን፣ ቀጥሎ ጭቃና ዝገት የሚያበላሸውን የቦዲ ግንኙነት፣ በመጨረሻም ካምቢዮው ላይ ያለችውን ማብሪያ መመልከት ነው። በአሮጌ መኪኖች ላይ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ውድ ዕቃ ሳይሆን ጭቃ ነው። መስታወቱን በጨርቅ መጥረግ ብቻውን ግማሽ ጥገና ነው። በእጅ የሚበራ መብራት የሚገጠም ከሆነም መብራቱን የሚያስታውቅ ትንሽ አምፖል ዳሽቦርዱ ላይ ሳያኖሩ አለመገጠም ይበጃል።

የማኅበራት ሥራ አመራር ኮሚቴዎችና የመጋዘን ኃላፊዎችም ይህን ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ፍተሻ የመኪና መውጫ ፈቃድ አካል ቢያደርጉት የሚጠይቀው ወጪ የአንድ አምፖል ዋጋ ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ብቻ አይደለም። ከኋላ ለቆመው ሰው የሚናገረውም፣ ለሾፌሩ የሚናገረውም መብራት ቃሉ አንድ ነው፤ ጊዜ ሳለ ስሙኝ ይላል።